አራት ዓመት ያለፈበት እርሾ

አባቴ የተሳሳተውን ፓኬት ሲቀድ አይቼዋለሁ። ዝም አልኩ።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነበር። ግንቦት ገብቷል፤ ከጋራዡ ጀርባ በጥዶቹ ጥላ ሥር ያለው በረዶ ግን ገና ቀልጦ አላለቀም። አባቴ አርቮ የጋራዡን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ትልቁን ድስት የጋዝ ምድጃው ላይ ጥዶታል። የብቅሉ ጭማቂ ይንተከተካል። እንፋሎቱ ወደ ጣራው ይወጣና የተሰቀሉት የበረዶ መንሸራተቻዎች ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እኔ ሙቀት መለኪያውን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። የአባቴ ጓደኛ ዋይኖ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ሳያነሳ ያዝዛል።

ቢራው ለኔ ሰርግ ነው። ታላቅ እህቴ ማርሊስ ስታገባም አባቴ ጠምቆላታል፤ በዚያ ሰርግ ላይ ምን እንደበሉ የማያስታውሱ ሰዎች እንኳ ቢራውን ዛሬም ያነሱታል። አምስት ጋሎን ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ትንሽ ብርጭቆ፣ ለሙሽሮቹ ጤና ሲጠጣ የሚነሳ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ከሱቅ የመጣውን ይጠጣል። ሰርጉ በሰኔ ነው፤ እኛ የፊንላንድ ስደተኞች ዘሮች ሀይቁ ዳር የበጋውን በዓል እሳት በምንለኩስበት ቅዳሜ። ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ሁለቱ ሳምንት ለመብላላት፣ አራቱ ጠርሙስ ውስጥ ለመረጋጋት ነው። ከዚህ የሚተርፍ ቀን የለም። ይህ ቢራ ከተበላሸ ሌላ ቢራ አይደርስም።

እኛ አካባቢ ቤቱ የሚጠምቅ ሰው ጊዜው ያለፈ እርሾ አይጥልም። ድስቱ ሊወርድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የድሮውን ፓኬት ይቀድና የሚፈላው ውስጥ ይበትነዋል። የሞተው እርሾ እዚያ ይሟሟል፤ ጭማቂው ከቀዘቀዘ በኋላ የሚገባው አዲሱ እርሾ ደግሞ እሱን እየበላ ይበረታል። «ሙቱ ለቋሚው ስንቅ ነው» ይላል አባቴ። ሁልጊዜ ያችኑ ሰዓት ጠብቆ ነው የሚላት።

ሁለቱ ፓኬቶች የሥራ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ ሁለቱም የአንድ ዓይነት እርሾ ናቸው። አንዱን ዋይኖ በሳምንቱ መጀመሪያ ከማርኬት ከተማ ገዝቶት መጥቷል። ሌላው ከፍሪጁ ጥግ፣ ከቅቤው ኋላ የወጣ ነው።

«አርቮ፣ መነጽርህስ?» አለ ዋይኖ።

«ቤት ነው። እንፋሎት ሲሸፍነው ምን ይሠራልኛል?»

«ሳታይ ነው የምትጠምቀው በለኛ።»

«አንተ እያየህ የጠመቅከውን ጠጥተን አይደል እንዴ ሦስት ቀን ሽንት ቤት ስንመላለስ የከረምነው?»

«እሱ የቢራው ጥፋት አይደለም። ሆድህ ነው ደካማው።»

«ሚስትህም ሆዷ ደካማ ነበር? ቄሱስ?»

ዋይኖ ሳቀ። አባቴም እየሳቀ እጁን ዘርግቶ አንዱን ፓኬት አነሳ፤ ጫፉን በጥርሱ ቀደደ። የፓኬቱ ጀርባ ወደኔ ዞሮ ነበር። ቀኑ በጥቁር ቀለም ታትሞበታል። ለማብቃት ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

«ሙቱ ለቋሚው ስንቅ ነው» አለና ድስቱ ውስጥ አራገፈው።

ጠረጴዛውን አየሁት። የቀረው ፓኬት ጫፉ ደብዝዟል፤ የቅቤ ወዝ አለበት። ጎንበስ ብዬ ቀኑን አነበብኩ። ካለፈበት አራት ዓመት ሆኖታል።

«አባዬ፣ እሱ አይደለም» ማለት ብቻ ነበር። ገና ጊዜ ነበረ። ማርኬት ድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ነው፤ ሱቁ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ዋይኖ እያጉረመረመም ቢሆን ይሄድ ነበር። ሙቀት መለኪያውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

እዚያው እንደቆምኩ አንድ ነገር ለራሴ ነገርኩት። እርሾው ካልተነሳ፣ ላገባህ አልፈልግም ብዬ ለዳረን እነግረዋለሁ። ከተነሳ አገባዋለሁ።

ስለ ዳረን የምከሰው ነገር የለኝም። ስድስት ዓመት አብረን ነበርን። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በየሁለት ሳምንቱ በረዶ እየጠረገ ይመጣልኝ ነበር። ላግባሽ ያለኝ በጥር ወር፣ የቀዘቀዘው ሀይቅ ላይ፣ ዓሣ ማጥመጃ ጎጆው ውስጥ ነው። እየተናገረ ሳለ ገመዱ ተወጠረ፤ ዓሣ ይዟል። እሱ ግን አላየውም። ዓሣውን ትቶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ምንም አይጠይቅም ነበር። አቀፈኝ፤ ኮቱ የናፍጣ ሽታ ነበረው። ጥርስ ሐኪም ዘንድ የማደንዘዣ መርፌ ከተወጋሁ በኋላ ከንፈሬን በጣቴ የነካሁ ያህል ነበር፤ ጣቴ ከንፈሬን ያውቀዋል፣ ከንፈሬ ጣቴን አያውቀውም። ያልፋል ብዬ ጠበቅሁ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፣ የጥሪ ወረቀቱ ታተመ። እናቴ ቀሚሱን በወገቤ ስታጠበው እጄን ወደ ላይ አንስቼ ቆምኩላት።

ድስቱ ወረደ። ጭማቂው በመዳቡ ቱቦ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አባቴ ወደ ነጩ ባልዲ ገለበጠው፤ ሁለተኛውን ፓኬት ቀደደና ከላይ ነሰነሰው፤ ክዳኑን ገጠመ። ከዚያ እንደ ልማዱ ባዶውን ፓኬት ክዳኑ ላይ በፕላስተር ለጠፈው፤ ባልዲው ውስጥ የትኛው እርሾ እንዳለ እንዳይረሳ ነው። የፓኬቱ ፊት ወደ ላይ፣ ቀኑ ያለበት ጀርባው ወደ ታች ሆነ።

«በቃ» አለ እጁን እየጠረገ። «ነገ ጠዋት ትዘፍናለች።»

የምትዘፍነው ክዳኑ ላይ የተሰካችው፣ ውሃ ያለባት ትንሽ ቱቦ ናት። እርሾው ሥራ ሲጀምር አየሩ በሷ በኩል ቡልቅ፣ ቡልቅ እያለ ይወጣል። ሌላ ምልክት መፈለግ አያስፈልግም።

እሑድ ጠዋት ቱቦዋ ጸጥ ብላለች። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት አያት፤ ስንመለስ ክራቫቱን ሳይፈታ አያት።

«ማርሊስን ስወልድ እንኳ እንዲህ አልተመላለስክም» አለች እናቴ ከወጥ ቤት።

«ማርሊስን ስትወልጂ ሐኪም ነበር።»

ዳረን ለምሳ መጣ። እናቴ የጋገረችውን በሥጋና በድንች የተሞላ ዳቦ ሁለት በላ፤ ሦስተኛውን በወረቀት ጠቀለለችለት። ከዚያ ከአባቴ ጋር ጋራዥ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ዳረን ተንበርክኮ ጆሮውን ባልዲው ላይ አስደገፈ።

«ተኝቷል» አለ በሹክሹክታ። «አትቀስቅሱት፣ ፊንላንዳዊ ነው፤ እሑድ አይሠራም።»

«አፍህን ዝጋ አንተ» አለው አባቴ፤ ደስ ብሎታል። ዳረንን ይወደዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ እጃቸውን የሚያስቀምጡበት አንድ ነው፣ ኋላ ኪሳቸው።

ልሸኘው ስወጣ ዳረን የፒካፑን በር ይዞ ቆመ።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ደክሞሻል።»

«አዎ።»

«ይሄ ሰርግ እስኪያልፍ ነው። ከዚያ ወር ሙሉ ትተኛለሽ፣ እኔ ዓሣ እየጠበስኩ አበላሻለሁ።» ግንባሬን ሳመኝና ሄደ። መኪናው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ቆሜ እጄን አወዛወዝኩ። ከተሰወረ በኋላም ትንሽ ሳላወዛውዝ አልቀረሁም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ጋራዥ ገባሁ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ፓኬቱ ጥግ ላይ ጥቂት የእርሾ ፍሬ ቀርቷል። ወረቀት ላይ አራገፍኩት፣ አጠፍኩት፣ ኪሴ ከተትኩት። ፓኬቱን እንደነበረ መልሼ ለጠፍኩት።

የምሠራው በወረዳው አስተዳደር የውሃ ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። ሰዎች የጉድጓዳቸውን ውሃ በጠርሙስ ይልካሉ፤ እኔ ውስጡ ያለውን አይቼ እጽፋለሁ። ለምሳ ሁሉም ሲወጡ የእርሾውን ፍሬ ለብ ባለ ውሃ አራስኩት፤ ጠብታ ሰማያዊ ቀለም ጨመርኩበትና ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጥኩት። ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው ነገር ነው። የሞተ እርሾ ቀለሙን ይቀበላል፣ ሰማያዊ ይሆናል። በሕይወት ያለው ቀለሙን አያስገባም፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

መቶ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኙ ነጭ ናቸው።

በቂ ነው። ይዘገያል እንጂ ይነሳል፤ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ አራት። ሌላ ጠብታ አዘጋጅቼ እንደገና ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት። ሦስተኛ ጠብታ አዘጋጀሁ። ነጭ የሆነውን ፍሬ ሁሉ አተኩሬ እያየሁ፣ ከዳር በኩል ሰማያዊ ነገር እፈልግበት ነበር። ሃያ ሆነ። መስታወቱን አጠብኩት። ሳንድዊቼን አውጥቼ ግማሹን በላሁ። ከዚያ ከሰሜን መንገድ የመጣውን የጉድጓድ ውሃ ከፈትኩ፤ ንጹሕ ነበር፤ ንጹሕ ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ባልዲው ጋራዥ ውስጥ የለም። አባቴ ጓሮ ወዳለው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ወደ ሳውናው ቤት ወስዶታል። በካምፕ መተኛ ከረጢት ጠቅልሎት፣ ምድጃውን ለስሙ ያህል አሙቆ፣ የእንጨት መቀመጫው ላይ አጠገቡ ተቀምጧል። ዋይኖ በር ላይ ቆሟል።

«ቀብሩ መቼ ነው?» ይላል።

«ሂድ ወደዚያ።»

«የለም፣ ሱፌን ከልብስ ማጠቢያ ላውጣ ብዬ ነው።»

«ዋይኖ።»

«እሺ በቃ። ሌላ ፓኬት ይዤልህ ልምጣ? እውነቴን ነው። ነገ ማርኬት እሄዳለሁ። ላዩ ላይ ነስንሰው፣ ማንም አያውቅብህም።»

አባቴ መዳፉን ክዳኑ ላይ አድርጓል። ዋይኖ ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ። እኔ ሳልወጣ ቀረሁ።

«ሙቀቱን በደንብ ነው ያየሽው አይደል?» አለኝ አባቴ። «እርሾውን ስጨምር?»

«በደንብ ነው።»

«ምን ያህል ነበር?»

«ስልሳ ስምንት ፋራናይት።»

«ስልሳ ስምንት አይገድልም።» ወደ ምድጃው ዞረ። «ባልዲውን ያጠብኩበት መድኃኒት በደንብ አልፈሰሰ ይሆን? እኔ እንጃ። ሠላሳ ዓመት ስጠምቅ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። አንድ ነገር ረስቻለሁ። አንድ የረሳሁት ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም።»

የተናገረው ለኔ ሳይሆን ለምድጃው ነበር። አያቴ፣ ማለትም የሱ አባት፣ በዚሁ ዕድሜው ነው የቤቱ መንገድ ይጠፋበት የጀመረው። ይህንን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከመቶው ሃያው በሕይወት አለ፣ ጠብቅ ልለው እችል ነበር። ከዚያ ግን እንዴት አወቅሽ ይላል።

«ሻይ ላምጣልህ?» አልኩት።

«አምጪ።»

አመጣሁለት። ሁለት ስኳር ይወዳል፤ ሁለት አደረግሁበት።

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ሥራ ቦታ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«ተነሳ!» አለ አባቴ። ከጀርባው የእናቴ ሳቅ ይሰማል። «ኪርስቲ፣ ተነሳ! ስሚ፣ ስሚ—» ስልኩን ወደ ቱቦዋ አስጠጋው። ቡልቅ ሲል ሰማሁ። ቆየት ብሎ ደግሞ ቡልቅ።

«ሰማሁ» አልኩ።

«ዘፈነች አይደል?»

«ዘፈነች።»

ስልኩን አስቀምጬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አገባዋለሁ ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ። በሰኔ አገባዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አልኩት። የሌላ ሰው አድራሻ ይመስል ነበር። የቀጣዩን ጠርሙስ ክዳን ከፈትኩ።

ከሥራ ስመለስ አባቴና ዋይኖ ሳውናው ቤት ውስጥ ናቸው፤ በሩ ተከፍቷል። ቱቦዋ ያለ ዕረፍት ትንቦለቦላለች። የእርሾው ሽታ እስከ ደጅ ይመጣል፤ የበሰለ ሙዝ ሽታ ትንሽ አለበት። ዋይኖ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ፕላስተሩን እየላጠ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለው አባቴ።

«ይሄ ሰነፍ እርሾ የመቼ ምርት እንደሆነ ላይ ነው። የሸጠልኝን ሰውዬ ሄጄ—» ፓኬቱን ወደ ብርሃን አወጣው፤ መልሶ አቀረበው። «አርቮ።»

«ምን?»

«ይሄ እኔ የገዛሁት አይደለም።»

«አንተ የገዛኸው ነው እንጂ።»

«አራት ዓመት አልፎበታል! አራት ዓመት! አንተ ሰውዬ፣ አዲሱን ቀቅለህ ሙቱን ነው የዘራኸው!»

አባቴ ፓኬቱን ነጥቆት ወደ ደጅ ወጣ። ራቅ አድርጎ ያዘው፣ አቀረበው። ጆሮው ሲቀላ አየሁ። ዋይኖ ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሽ እስኪያጥረው ይስቃል።

«ሙቱ ለቋሚው ስንቅ ነው!» ይላል እያሳለ። «ቋሚውን ለሙቱ ቀለብ አድርገህ! ሠላሳ ዓመት ጠምቄያለሁ ይላል እኮ ደግሞ!»

አባቴ ዞረ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ፊቱ ግን ቀስ ብሎ ተፈታ። የረሳው ነገር ምን እንደሆነ አወቀ፤ መንገድ መጥፋት አልነበረም፣ መነጽር አለማድረግ ነበር።

«ተነሳ ግን» አለ። «አራት ዓመት አልፎበትም ተነሳ።»

«መነሳቱንስ ተነሳ።»

«እና ምን ትስቃለህ? ይሄን እኮ ሰርጉ ላይ ነው የምናገረው።» ፓኬቱን ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ድምፁን አጎላ። «ክቡራትና ክቡራን፣ ይሄ እርሾ ጊዜህ አልፏል ተብሎ ነበር። ሦስት ቀን ዝም አለ። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆረጠ፣ በተለይ እዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠው ጥርስ የሌለው ሽማግሌ—»

«ጥርስ አለኝ።»

«—በአራተኛው ቀን ግን ተነሳ። ልጆቼ፣ ትዳርም እንዲህ ነው። ዝም ያለ ቢመስላችሁ፣ የሞተ ቢመስላችሁ፣ ጠብቁት። እንዲህ ነው የምላቸው። እናትሽ ታለቅሳለች።» ወደኔ ዞሮ ሳቀ። «የዳረን እናት ደግሞ ገና ስነሳ ነው የምታለቅሰው። እንዴት ነው ንግግሩ?»

«አባዬ፣ ይሄን አትናገር።»

«ለምን? ስለተሳሳትኩ? እኔ አላፍርበትም። ሦስታችንም እዚያው ቆመን ማናችንም አላየንም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«ምኑን?»

«አዲሱን ድስት ውስጥ ስትጨምረው። ቀኑን አንብቤዋለሁ። የሁለቱንም።»

ዋይኖ ሳቁን ተወ። አባቴ ግን የተረዳ አይመስልም፤ ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነው።

«ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። ዋይኖ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴን አየ። ኮፍያውን ከመቀመጫው ላይ አነሳ።

«እኔ ልሂድ፣ ሚስቴ ትፈልገኛለች» አለ።

«ሚስትህ ማርሊስ ዘንድ ነች ብለኸኝ አልነበር?» አለው አባቴ።

«እዚያ ሆና ትፈልገኛለች።» ሲያልፍ ትከሻዬን በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ ወጣ።

ቱቦዋ ትንቦለቦላለች። አባቴ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ። እኔ እንደቆምኩ ነኝ።

«ካልተነሳ ለዳረን እነግረዋለሁ ብዬ ነበር» አልኩ።

«ምን ብለሽ?»

«ላገባህ አልፈልግም ብዬ።»

ድምፄ ሥራ ቦታ ውጤት ሳነብ እንደሚወጣው ነበር። አባቴ ፓኬቱን አየው፤ ከዚያ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«አስቀየመሽ?»

«አይ።»

«ሌላ ሰው አለ?»

«ማንም የለም። ምንም የለም አባዬ። ችግሩም ይኸው ነው። ምንም አይሰማኝም። ያልፋል ብዬ ጠበቅሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር። ከዚያም በፊት ይመስለኛል።»

«እና እርሾ ጠበቅሽ።»

«አዎ።»

«ተነሳ እኮ ታዲያ።» አስተያየቱ የቁጣ አልነበረም፤ የአንድን ነገር መጠን ሲለካ እንደሚያየው ነበር። «ስለዚህ ልታገቢው ነው?»

«አላውቅም» አልኩ። ውሸት ነበር። ሰኞ ዕለት ሦስተኛውን ጠብታ ስቆጥር አውቄው ነበር። «አላገባውም» አልኩ ከዚያ።

ውጭ እናቴ ከወጥ ቤቱ መስኮት ወጭት ስታጋጭ ይሰማል። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእርሾ ሥራ ስኳር መብላት ነው» አለ። «ሌላ ነገር መጠየቅ አልነበረብሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ማክሰኞ ዕለት እዚህ ተቀምጬ፣ እንደ አባቴ ሆንኩ ብዬ...» አልጨረሰውም። «ሻይ አመጣሽልኝ።»

«ይቅርታ።»

«እሺ።» እሺው ይቅር ማለት ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ተነሳና የመተኛ ከረጢቱን ከባልዲው ላይ ገፈፈ፤ አሁን ሙቀት አያስፈልገውም። እያጠፈው ነው የተናገረው፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። «እናትሽን ለኔ ተያት። ማርሊስን እናትሽ ትነግራታለች። ዳረንን ግን እኔ አልችልልሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ ይሁን። በስልክ አይሁን።»

የዳረን ቤት ከኛ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። በእግሬ ሄድኩ። በዚህ ወቅት ፀሐይ ቶሎ አትጠልቅም፤ ሀይቁ ላይ ገና ብርሃን አለ፤ ከዳር ከዳር የቀረው በረዶ እየተሰነጠቀ ይንኮሻኮሻል። ምን ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ሄድኩ። ስደርስ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

ዳረን ግቢው ውስጥ የጀልባ መጎተቻውን በጃክ አንስቶ አንዱን ጎማ ፈትቷል። እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ጠቁሯል። ሲያየኝ ሳቀ።

«አባትሽ ደወለልኝ ጠዋት። ስልክ ላይ ሲያስቡልቀው! ኮንሰርት የከፈተ ነው የሚመስለው።»

«ዳረን፣ ላገባህ አልችልም።»

እጁ ብሎኑ ላይ ቆመ። ፊቱን ወዲያው አላነሳም።

«ሰርጉን ነው ወይስ እኔን?»

«አንተን።»

«ምን አደረግሁ?»

«ምንም አላደረግህም። እሺ ያልኩህ ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ያኔም ምንም አልተሰማኝም። ዓሣው ሲጎትት ገመዱን ነበር የማየው።»

«አስታውሳለሁ» አለ። «እኔ ደንግጠሽ መስሎኝ ነበር።»

«አልደነገጥኩም።»

ጥቂት ጥያቄዎች ጠየቀኝ። ከመቼ ጀምሮ፣ ማን ያውቃል፣ ሐኪም ማየት አይሻልም ወይ። ሁሉንም መለስኩለት። ሐኪም ማየቱ ሳይሻል አይቀርም አልኩት። አንዴ ድምፁ ከፍ አለ፤ ስድስት ዓመት፣ አለ፣ ስድስት ዓመት ኪርስቲ፤ ከዚያ ጎረቤት መስኮት እንዳለ አስታውሶ ዝቅ አደረገው። ማልቀስ ይኖርብኝ ነበር። ፊቱን አየሁት፤ አፉ ዳር ላይ የግራሶ መስመር ነበረ፤ ጠርጌለት የማውቀው ዓይነት። እጄን አላነሳሁም። የሆነ ነገር ደረቴ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ነበር፤ ያማል። አልሄደም።

ዳረን ጎማውን ከመሬት አንስቶ ወደ ቦታው ሊያስገባ ሞከረ። ቀዳዳዎቹ አልገጥም አሉት። ሁለቴ ሞከረ። ሦስተኛው ላይ ጎማውን በጉልበቱ ደገፈው።

«ያዢልኝ» አለ ሳያየኝ።

ተንበርክኬ ጎማውን ከታች በኩል ደገፍኩት። ከባድ ነበር። የመጀመሪያውን ብሎን አስገባ፣ ሁለተኛውን አስገባ። አምስቱንም አንድ በአንድ አጠበቀ። ሲጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«በቃ ሂጂ» አለኝ።

ሄድኩ።